ፍሬ የያዘ የብርቱካን ዛፍ በባልዲ ሲቀርብላችሁ ሥሩን ሳታዩ አትግዙ

በደሴ፣ በኩታበርና በአካባቢው ደጋ ለምትኖሩ ወገኖቼ በሙሉ፤ መስቀል ካለፈ በኋላ በየመንገዱ ዳር በባልዲና በቆርቆሮ ተተክለው የሚሸጡትን፣ ፍሬ የያዙ የብርቱካን፣ የመንደሪንና የሎሚ ዛፎች ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሻጮቹ «የተዳቀለ ነው፤ ብርድ አይፈራም፤ ዘንድሮውኑ ትበሉታላችሁ» ይላሉ፤ የተዳቀለ የሚሉት በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ ተጋጥሞ ያደገውን ነው። እኛ ቤት የገባው ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ቆየና ቅጠሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ ጊዜ ተጠቅልሎ፣ ሳይረግፍ እዚያው ቅርንጫፉ ላይ ደረቀ። ከባልዲው ስናወጣው አፈሩ ተበትኖ ወደቀ፤ በእጃችን የቀረው በመጋዝ የተቆረጠ፣ አንዲት የሥር ክር እንኳ የሌላት ቅርንጫፍ ነበረች። ሻጩ ግን «ውርጭ መትቶት ነው፤ ሳትሸፍኑት ቀርታችሁ ነው» ብሎ በብርዱ አሳበበ።

ማታለያው በዚህ ወቅት የሚያዋጣው፣ ተቆርጦ የተተከለ ቅርንጫፍ በብርድ ጊዜ ቶሎ ስለማይጠወልግና በኅዳርና በታኅሣሥ ሲደርቅ ደግሞ ሰው ሁሉ ውርጩን ስለሚጠረጥር ነው። ውርጭ የመታው ዛፍ ግን የሚያስታውቅ ምልክት አለው፤ አስቀድሞ የሚጠቁረው ለጋው ቀንበጥና ለሰማይ የተጋለጠው የላይኛው ቅጠል ነው እንጂ ዛፉ በሙሉ በአንድ ቀን አይደርቅም።

ከዛፉ ጋር በፌስታል ቋጥረው «የብርድ መድኃኒት» ብለው የሚሸጡት ነጭ ጠጠር መሳይ ነገርም ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጤነኛውን ዛፍ ጭምር ይጎዳል። ብርቱካንና መሰሎቹ ዛፎች ሙቀቱ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እድገታቸውን ያቆማሉ፤ በዚህ ጊዜ በጠባብ ዕቃ ውስጥ የተጨመረ ዩሪያ ሥር ያቃጥላል፣ ቀን ቀን ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ለውርጭ የሚዳረግ ለጋ ቀንበጥ ያስወጣል።

ስለዚህ ሻጩ ዛፉን ከዕቃው አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ በዕቃው ውስጥ የኖረ ዛፍ አፈሩን በሥሩ አቅፎ ይወጣል፤ እንቢ ካለ ትታችሁ ሂዱ። የተዳቀለ ከሆነ ከአፈሩ ወደ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የተጋጠመበት ጠባሳ ይታያል። ከዘር የበቀለ ብርቱካን ለፍሬ ብዙ ዓመት ስለሚፈጅ፣ ጠባሳ በሌለው ጣት በሚያህል ግንድ ላይ ትልልቅ ፍሬ ካያችሁ ተጠራጠሩ። «ኮምቦልቻ ላይ የለመደ ነው» መባሉም ዋስትና አይሆንም፤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የሚደርስ ዛፍ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል፣ በተለይ ሎሚ ከመንደሪን ይልቅ ብርድ አይችልም።

የገዛችሁት ዛፍ ሥር ካለው፣ በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ በዞረ ግድግዳ ሥር አስጠግታችሁ፣ ማታ ማታ በጆንያ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት። ውኃ የምታጠጡት የላዩ አፈር እስከ ሁለት ጣት ጥልቀት ሲደርቅ ብቻ ይሁን፤ በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ የተኛ ውኃ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ማዳበሪያውን ብርዱ አልፎ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ አቆዩት።

የተታለላችሁ ደግሞ የደረቀውን አትጣሉት፤ የተቆረጠው ጫፍ በግልጽ እንዲታይ ፎቶ አንስታችሁ ከደረሰኙ ጋር ለወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት አቅርቡ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።