በሐዋሳ ቦይለር የቀየሩልን ባለሙያዎች

ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ በሚገኘው ቤታችን የነበረው ቦይለር ታንከሩ ዝጎ ማፍሰስ ስለጀመረ፣ አዲሱን የገጠሙልን ባለሙያዎች ሥራቸው ሊመሰገን ይገባዋል። አሮጌውን ከማውረዳቸው በፊት ብሬከሩን አጥፍተው መስመሩ ላይ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጡ፤ ቀጥሎም ቀጭኑን ሽቦ በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል ተክተው፣ ከናካቴው ያልነበረውን የመሬት መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ) ዘረጉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ ሕይወት የሚያድነው ግን ይህ ነው። አሮጌውን ሴፍቲ ቫልቭ መልሰው ለመግጠም ፈቃደኛ አልሆኑም፤ ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቫልቩ ትርፉን ግፊት ካላስወጣ ታንከሩ ሊፈነዳ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱን። ማሞቂያውን ያበሩትም ታንከሩ ሞልቶ ከሙቅ ውሃው ቧንቧ ውሃ ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ብቻ ነው። ዋጋቸው ከሌሎች ከፍ ይላል፤ የአሮጌውን ብሎን ቀዳዳዎችም ሳይደፍኑ ሄደዋል።