ኤንቢኤ 2ኬ25 ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጌም የገዛሁት ለአንድ ነገር ብዬ ነው። የራሴን ተጫዋች ፈጥሬ ከጓደኞቼ ጋር ኦንላይን ልጫወት። ስምንት ወር አለፈ። ዛሬ ኮንሶሉን ስከፍት መጀመሪያ የምገባው ግን ወደዚያ አይደለም። ስገዛው ትዝ እንኳ ያላለኝ ሌላ ሞድ (የአጨዋወት ዓይነት) ውስጥ ነው የምውለው። በገዛሁት ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ የምለው ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር።

ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ይህን እወቁ። ኤንቢኤ 2ኬ25 በስም አንድ፣ በይዘት ሁለት ነው። ፕሌይስቴሽን 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስ እና ፒሲ ላይ ያለው አንድ ነው። ፕሌይስቴሽን 4፣ ኤክስቦክስ ዋን እና ስዊች ላይ ያለው ሌላ ነው። እኔ ከዚህ በታች በብዛት የማወራለት ነገር በሁለተኛው ላይ የለም። ሽፋኑን አይታችሁ ብቻ አትግዙ። ከ100 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ እንዳላችሁም አረጋግጡ።

ሜዳ ላይ ያለው ጨዋታ ደስ ይላል። የተጫዋቾቹ እንቅስቃሴ ከእውነተኛ የኤንቢኤ ግጥሚያዎች ቪዲዮ የተወሰደ ነው፤ ፕሮፕሌይ ይሉታል። መጀመሪያ ለማስታወቂያ የተባለ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ስቴፍ ከሪን የማሊያ ቁጥሩን ሳላይ በአሯሯጡ ብቻ እለየዋለሁ።

ሹት (ኳስ ወደ ቅርጫት መወርወር) ላይ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። በቁልፍ መወርወር ይቻላል። ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፣ በሰዓቱ ትለቃላችሁ። በዚህ እትም የተጨመረው ደግሞ በቀኙ ስቲክ ነው። ወደ ታች ትስባላችሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ ትገፋላችሁ። የምትገፉበት ፍጥነት ከተጫዋቹ አወራወር ጋር መግጠም አለበት። ቶሎ የሚለቅ ተጫዋች ፈጣን እጅ ይፈልጋል። ዘገም ካለው ጋር እናንተም ዘገም ማለት አለባችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይከላከለኝ የሦስት ነጥብ ሹት እስት ነበር። የፈታልኝ ለርን 2ኬ የሚባለው የልምምድ ክፍል ነው። በቀን ሩብ ሰዓት አንድ ተጫዋች ብቻ ይዤ እወረውር ነበር። እጄ ለመደው። አሁን ወደ ቁልፉ መመለስ አልፈልግም።

መከላከል ላይ አንድ ምክር ብቻ ልስጥ። ኳስ ለመንጠቅ ደጋግማችሁ አትጫኑ። ፋውል ነው የምታተርፉት። በሰውየውና በቅርጫቱ መሃል ቁሙ፣ እጅ አንሡ፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ገዛሁበት ምክንያት። ማይካሪየር የራሳችሁን ተጫዋች ፈጥራችሁ የምታሳድጉበት ሞድ ነው። ደረጃው ከ60 ይጀምርና እስከ 99 ይሄዳል። ከሁሉም የሚከብደው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ቁመት፣ ክብደትና የእጅ ርዝመት የምትመርጡበት። እያንዳንዷ ምርጫ አንድ ነገር ሰጥታ ሌላ ትወስዳለች። እጅ ሲረዝም ኳስ ማገድና መንጠቅ ይቀላል፣ የሩቅ ሹት ይቀንሳል። ቁመት ሲጨምር ፍጥነት ይወርዳል። እኔ 2.06 ሜትር የሆነ፣ ሁሉን የሚችል ተጫዋች ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ከሁለት ወር በኋላ ነው የገባኝ። ፈጣን አጫጭር ተጫዋቾች ሲጠጉት ኳስ ማንጠር አይችልም። የተጫዋቹ የችሎታ ጣሪያ ደግሞ አንዴ ከተሠራ አይነሣም። ሌላ ተጫዋች ከዜሮ መጀመር ነበረብኝ። እባካችሁ፣ ከመጨረሳችሁ በፊት ተጫዋቹን ሜዳ ላይ የምትሞክሩበት ምርጫ አለ። እሱን ሳትነኩ አትለፉ።

ደረጃው የሚያድገው ቪሲ በሚባለው የጌሙ ገንዘብ ነው። ቪሲ በመጫወት ይገኛል፤ በእውነተኛ ገንዘብም ይገዛል። እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት ጌም ውስጥ ጉልበት መሸጥ የለበትም። የገዛ ቶሎ ይጠነክራል፣ ያልገዛ ወራት ይፈጅበታል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ያከማቻችሁት ቪሲም ወደ ሚቀጥለው ዓመት ጌም አይሻገርም። ይህን እያወቃችሁ ግቡ። ከጓደኞች ጋር ሦስት ለሦስት ስትጫወቱ ግን ደስታው የትም አይገኝም። አንዱ ሲያግድ፣ ሌላው ሲቀበል፣ ሦስተኛው ጥግ ላይ ሲጠብቅ፤ የቡድን ስሜቱ እውነተኛ ነው። ለዚያ ስል አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እገባለሁ።

የያዘኝ ማይኤንቢኤ ነው።

ይህ ሞድ ሊጉን በሙሉ እጃችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። ውል ትፈርማላችሁ፣ ተጫዋች ትለዋወጣላችሁ፣ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚወስዱበት) ላይ ትመርጣላችሁ፣ ከፈለጋችሁ ግጥሚያውን ራሳችሁ ትጫወታላችሁ። ልዩ የሚያደርገው መነሻው ነው። ከስድስት ዘመን አንዱን ትመርጣላችሁ፤ አምስቱ በየጊዜው ኮከቦች ስም የሚጠሩ ናቸው። የማጂክና የበርድ ዘመን ከ1983 ይጀምራል፤ የጆርዳን ከ1991፣ የኮቢ ከ2002፣ የሌብሮን ከ2010፣ የስቴፍ ከ2016። ስድስተኛው ያሁኑ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። 1983ን ስትከፍቱ ምስሉ የድሮ ቴሌቪዥን ይመስላል፣ ቁምጣው ያጥራል፣ የነጥብ ሰሌዳው ሳይቀር የዘመኑ ነው።

እኔ ፖርትላንድን ያዝኩ። ምክንያት ነበረኝ። በ1984ቱ ድራፍት ሂውስተን ሃኪም ኦላጁዎንን አንደኛ መረጠ። ፖርትላንድ ሁለተኛ ሆኖ ሳም ቦዊ የሚባል ረጅም ሰው ወሰደ። ማይክል ጆርዳን ሦስተኛ ሆኖ ለቺካጎ ደረሰ። የቅርጫት ኳስ ወዳጅ ሁሉ ይህን ምርጫ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። እኔም ላርመው ፈለግሁ። በጌሙ ውስጥ የድራፍት ተራ የሚወጣው እናንተ ከተጫወታችሁት የውድድር ዓመት ውጤት ስለሆነ ቦታው በራሱ አልመጣልኝም። ሁለት ጥሩ ተጫዋቾችና የቀጣዩን ዓመት ምርጫ ከፍዬ ተራ ገዛሁ። ጆርዳንን ወሰድኩ።

ከዚያ የሆነው ነው ለዚህ ሞድ ያለኝን አመለካከት የለወጠው። ፖርትላንድ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ክላይድ ድሬክስለርን መርጧል። የሁለቱ ቦታ አንድ ነው። ሁለቱም ወደ ቅርጫት መግባት ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም ከሩቅ አያስፈሩም። ረጅም ሰው ደግሞ የለኝም፤ በጆርዳን ቀይሬዋለሁ። ሌከርስ ከከሪም አብዱል ጀባር ጋር መጥቶ ሪባውንዱን (ተስቶ የሚመለሰውን ኳስ) ሁሉ ለቀመው። ያን ጊዜ የፖርትላንድ ሰዎች ለምን ረጅም ሰው እንደፈለጉ በደንብ ገባኝ። ስለዚያ ድራፍት ብዙ አንብቤያለሁ። ከንባቡ ይልቅ ያ የተሸነፍኩበት ዓመት ነው ያስረዳኝ።

ዘመኑ አጨዋወቴንም ቀየረው። የሦስት ነጥብ መስመር ኤንቢኤ ውስጥ የገባው በ1979 ነው። በ1983-84 አንድ ቡድን በአንድ ግጥሚያ በአማካይ ሦስት እንኳ አይሞክርም ነበር። አሁን ከ35 በላይ ነው። ስለዚህ በጌሙም ተከላካዮቹ ውጪ ድረስ አይከተሏችሁም። ቅርጫቱ ሥር ይከማቻሉ፣ መግቢያ ይጠፋል። ያሁኑን ኤንቢኤ የለመደ ሰው ይታፈናል። መውጫው ሪባውንድ እንደያዙ ተከላካዩ ሳይደራጅ መሮጥ ነው፤ ካልሆነም ለረጅሙ ሰው ቅርጫቱ ሥር ማቀበልና ከመካከለኛ ርቀት መወርወር። ሦስት ወር እንዲህ ተጫውቼ ወደ ዛሬው ሊግ ስመለስ ሜዳው ሰፍቶ ታየኝ።

ደንቡም ከጊዜው ጋር ይሄዳል። የጥሎ ማለፉ የመጀመሪያ ዙር እስከ 2002 ድረስ ከአምስት ግጥሚያ ሦስት ያሸነፈ የሚያልፍበት ነበር፤ በ2003 ነው ወደ ሰባት ያደገው። እናንተ ለውጡን ማፋጠን ወይም ማስቀረት ትችላላችሁ። በ1988 ሻርሎትና ማያሚ፣ በ1989 ኦርላንዶና ሚኒሶታ ወደ ሊጉ ገብተዋል። በእናንተ ሊግ ሌላ ከተማ ቢገባ የሚከለክል የለም። ቡድኖቹን እስከ 36 ማድረስም ይቻላል።

የውድድር ዓመቱን 82 ግጥሚያ ሁሉ መጫወት የለባችሁም። እኔ ሠላሳ ያህሉን እመርጣለሁ፣ ሩቡን ስምንት ደቂቃ አድርጌ። ሌላውን ኮምፒውተሩ ያስኬደዋል። የሚያስኬደውን ግጥሚያ እየተከታተላችሁ አራተኛው ሩብ ላይ ዘላችሁ መግባትም አለ። የደከመኝ ቀን እሱን ነው የማደርገው።

እንከኖች አሉት። የተጫዋች ልውውጡ እንዳለ ከተተወ ይቀላል፤ ሦስት መካከለኛ ተጫዋቾች ደርድራችሁ አንድ ኮከብ ታገኛላችሁ። የልውውጡን ክብደት ከሴቲንግ ከፍ አድርጉት። አንዳንድ የዘመኑ ታላላቆችም የሉም። ስምና መልካቸውን ለመጠቀም የራሳቸው ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ነው። በቦታቸው የማይታወቅ ስም ስታዩ ይከፋል። ሌሎች ተጠቃሚዎች ሠርተው ያጋሯቸውን የተጫዋች ዝርዝሮች ማውረድ ግን ይቻላል።

ሌላው ትልቅ ነገር ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ቤት ውስጥ መስመሬ ለሦስት ሳምንት ተበላሽቶ ነበር። የማይካሪየር ተጫዋቼን መክፈት አልቻልኩም። ፖርትላንዴ ግን አንድ ቀን አልቆመም።

ማይቲም ላይ ብዙ አልቆይም። ካርድ እየሰበሰቡ ቡድን መገንባት ነው። ካርድ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ጨረታ በዚህ እትም ተመልሷል፣ ጥሩ ነው። የካርድ ፓኬት መክፈት ግን ዕድል ነው፣ ገንዘብም ያስወጣል። ልጆች ለሚጫወቱበት ቤት አልመክረውም።

ዘ ደብሊው፣ የሴቶቹ ሊግ ሞድ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሩቡ አሥር ደቂቃ የሆነ ሊግ ነው። ዳንክ (ዘሎ ኳሱን በእጅ ቅርጫት ውስጥ መክተት) ብርቅ ስለሆነ ማቀበልና ቦታ መያዝ ያሸንፋል። ኤጃ ዊልሰንን ይዞ ቅርጫት ሥር መጫወት በራሱ ትምህርት ነው።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ፕሌይ ናው (ወዲያው አንድ ግጥሚያ የምትጫወቱበት) አለ። 72 ግጥሚያ ያሸነፈውን የ1995-96 ቺካጎ ቡልስ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው በጌሙ ውስጥ ያለውን ያሁኑን ቦስተን። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በአንድ ሰዓት ያልቃል።

ኦንላይን ፉክክር ብቻ ለምትፈልጉ ሰዎች አዲስ እትም በየዓመቱ ስለሚወጣና ሰዉ ወደዚያ ስለሚሄድ ይህን አሁን ግዙ አልልም። ለብቻችሁ፣ ለረጅም ጊዜ የምትጫወቱት ነገር ከፈለጋችሁ ግን አዲሱን ትውልድ ኮንሶል ላይ ያለውን ያለ ማመንታት ግዙ። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ያዋጣል።

የእኔ ፖርትላንድ 1990 ደርሷል። ጆርዳን 27 ዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት በመጨረሻ ጥሩ ረጅም ሰው አገኘሁ፣ ዋንጫም በላሁ። አሁን የድሬክስለር ውል ሊያልቅ ነው። የደመወዝ ጣሪያው ሦስቱንም እንዳቆይ አይፈቅድም። ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ገና አልወሰንኩም።