«የጋራ መኖሪያ ቤት» ወይስ «ኮንዶሚኒየም»?

ኮዬ ፈጬ መግቢያ ላይ የተተከለው ሰሌዳ «የጋራ መኖሪያ ቤቶች» ይላል። ከሥሩ የቆመው ደላላ ግን የሚጠይቀኝ «ኮንዶሚኒየም ነው የምትፈልገው?» ብሎ ነው። ለአንድ ሕንጻ ሁለት ስም፤ አንዱ በጽሕፈት ቤት የተቀመረ፣ ሌላው በአፍ የተለመደ።

የጽሕፈት ቤቱ ቃል ትርጉሙን ይዞ ይመጣል፤ አስረጂ አያሻውም። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ጣፎ ላይ ዝናብ ይዞት «ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ!» ብሎ የሚጣራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ባጃጅ» በአንጻሩ የሕንድ አምራች ኩባንያ ስም ነው፤ ትርጉሙን የጠየቀ የለም። አማርኛ ግን ወዲያው አላመደው፦ ባጃጆች፣ ባጃጁ፣ ባለባጃጅ። የቋንቋውን ቅጥያ የለበሰ ቃል እንግድነቱ ያበቃል።

ጽሕፈት ቤት ሁልጊዜ ይሸነፋል ማለት አይደለም። «ድረ ገጽ» አጭር ነውና ተለመደ። ከአብዮቱ ዘመን ቃላት ደግሞ «ወዝ አደር» ከመድረክ ሲወርድ «አርሶ አደር» ቀረ። ጆሯችን በ«ወታደር» ስለለመደው ነው እንዳልል ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ቅርጽ ነው። «ሠራተኛ» የሚል ቃል ስለነበረን ነው እንዳልል «ገበሬ»ም ነበረን። እኔ የምጠረጥረው ዜናውን ነው፤ ስለ አርሶ አደር ማውራቱን አንድም ቀን አላቆመም።

ደግሞ የአካባቢው ኦሮምኛ ለገበሬ «ቆናን ቡላ» ይላል፤ በእርሻ የሚያድር ማለት ነው። ሰሌዳው ካለበት ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ከሕንጻዎቹ ጀርባ፣ ጤፍ የሚያጭዱ አዛውንት አሉ። በሁለቱም ቋንቋ ስማቸው ከማደር ጋር የተሰፋ ነው።