አቱቴ ያለው ፋርማሲና አላርፍ ያለው እግሬ

ፋርማሲው ሐዋሳ፣ አቱቴ አካባቢ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ፋርማሲስቱ «ማስታወቂያ ይመስልብኛል» ብሎ ለምኖኛል። ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ አንዳንዱ ዕቃ እንዲያውም ከሌላው ቦታ ጨመር ይላል። እኔ ግን ባህል አዳራሽ ካለው ሱቄ ባጃጅ ይዤ እዛው ነው የምሄደው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጀራዬ ቁጭ ብዬ የማገኘው ነው። ለድብርት ፍሉኦክሴቲን ታዘዘልኝ፣ ፕሮዛክ የሚሉት፣ ባለ 20 ሚሊግራሙ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ግን ውጭ ያለው ወረፋ ብዙ ነበርና «ጠዋት ጠዋት አንድ» ብሎ ሸኘኝ። መጀመሪያ የገዛሁበት ፋርማሲም (ይሄኛው አይደለም) ካርቶኑ ላይ «በቀን 1» ጽፎ ሰጠኝ፣ አለቀ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ መጣ። በዚህ መድኃኒት የተለመደ ነው፣ ብዙ ጊዜም በራሱ ይተዋል። እኔ ምግብ ሲዘጋኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ማስመለስ የሚያስቆም ኪኒን ጻፉልኝ፣ ሜቶክሎፕራማይድ። ሌላ ምን እንደምወስድ የጠየቀኝ የለም።

ከዛ እግሬ አላርፍ አለ። አያምም፣ አይደነዝዝም። ግን ውስጤ ይራወጣል። የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ አንድ ስፌት ሳልጨርስ እነሳለሁ። ስቆም ደግሞ ሽንት እንደያዘው ሕፃን እግሬን እያፈራረቅኩ እረግጣለሁ። ስራመድ ትንሽ ቀለል ይለኛል፣ ስቀመጥ ይመለሳል። ሌሊት ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ነው። ጠዋት መንጋጋዬን ያመኛል፤ ለካ በእንቅልፌ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው። የሚዜ ቀሚስ ዚፕ መግጠም አቅቶኝ ለሌላ ሰፊ ሰጥቼ አውቃለሁ።

ጎረቤቴ «ነርቭ ነው፣ ቢ ኮምፕሌክስ ተወጊ» አለችኝ። እህቴ ደግሞ «ጭንቀቱ ባሰብሽ፣ መድኃኒቱን ይጨምሩልሽ» አለች። የሚያስፈራው የእህቴ ነው። ከውጭ ለሚያየው እውነትም ጭንቀት የባሰበት ሰው ነው የሚመስለው። መጠኑ ሲጨመር ግን መቁነጥነጡም አብሮ ይጨምራል።

አቱቴ የገባሁት ያንን መርፌ ልገዛ ነው። ፋርማሲስቱ ልጅ መርፌውን አላወረደም። እግሬን ነው ያየው።

«እህቴ፣ መቀመጥ ያስቸግርዎታል?»

«ያስቸግረኛል።»

«ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩኝ።»

ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ ገለበጥኩለት። ሁለቱን ስትሪፕ ጎን ለጎን አስቀመጠና አስረዳኝ። ነገሩ አካቲሲያ፣ ማለትም መድኃኒት የሚያመጣው አለማረፍ፣ ይመስለኛል አለ፣ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። የድብርቱ መድኃኒት ሴሮቶኒን የሚባለውን የአንጎል ኬሚካል ከፍ ያደርጋል። ሴሮቶኒን ደግሞ እንቅስቃሴን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የሚባለውን ሌላ ኬሚካል ሊጫነው ይችላል። አንዱ ሰው ይቁነጠነጣል፣ ሌላው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላው ጥርሱን ያፋጫል። አልፎ አልፎ አንገት ወይም መንጋጋ ግትር ብሎ የሚይዘውም አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መድኃኒቱ ሲጀመር ወይም መጠኑ ሲጨመር ነው። የማቅለሽለሹ ኪኒን ደግሞ ዶፓሚንን በቀጥታ ይዘጋል፤ ለብቻውም ይህንኑ ማምጣት ይችላል። በዛ ላይ ፍሉኦክሴቲን ጉበት ያንን ኪኒን የሚያስወግድበትን ኤንዛይም ስለሚያግድ ኪኒኑ ደም ውስጥ ይበዛል። እኔ ላይ ሁለቱ ተባብረው ነው የዘመቱብኝ።

ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ ከኋላዬ ሰው ቆሟል። ትልቁ ቅሬታዬ ይሄ ነው፤ በምስጢር የሚያወሩበት ቦታ የለም። ልጁም ገብቶታል መሰለኝ ወደ ጥግ ወሰደኝ፣ የሕፃናት ወተት የተደረደረበት ጋ። «ራስን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብዎታል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህ አለማረፍ አንዳንዱ ሰው ላይ እንደዛ ዓይነት ሐሳብ ሊያመጣ ይችላል፣ ከመጣ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ነው አለኝ። አልመጣብኝም። ግን እስከዛች ሰዓት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ፍሉኦክሴቲኑን በራሴ እንዳላቆም አስጠነቀቀኝና ለሐኪሜ ወረቀት ጻፈልኝ። ሐኪሙ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «ጥሩ አይቷል» አለ። የማቅለሽለሹን ኪኒን አስቆመኝ። ፍሉኦክሴቲኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ እንድወስድ አደረገኝ፤ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ስለሚፈጅበት በዚህ መድኃኒት መዝለል ይቻላል፣ በሌሎቹ ግን እንዲህ አይደረግም። አስም እንደሌለብኝ ጠይቆ ለጊዜው መቁነጥነጡን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል ጨመረልኝ። ቶሎ አለመውጣቱ ጣጣም አለው፤ መቁነጥነጡ የለቀቀኝ ቀስ እያለ ነው። አሁን አንድ ቀሚስ ከልኬት እስከ ዘምዘማ ቁጭ ብዬ እጨርሳለሁ። ፍሉኦክሴቲኑንም አልጣልኩትም፣ ለድብርቱ ጠቅሞኛል።

ሌላም የሚነሳ ነገር አለ። ፍሉኦክሴቲን አንዳንዴ ያልቅባቸዋል። ደውለው ይነግሩኛል እንጂ ከሌላ ቦታ አስመጥተው አያውቁም። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ መልስ ግን ሁሌም «የለንም» ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።

ስትሄዱ የምትወስዱትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ የራስ ምታቱንም፣ ባዶውን ስትሪፕም። በተለይ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ ከእነዚህ የድብርት መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ልጁን ለማግኘት ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ጠዋት የምትገባዋ ልጅም ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትቸኩላለች እንጂ።