ጓንት ሳታወልቁ ስልክ መንካት ለምትፈልጉ የሚኒሶታ ልጆች

ሴንት ፖል ውስጥ ልብስ የሚያስተካክሉ አንዲት እናት አሉ። ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ፣ የሀበሻ ቀሚስ ያጠባሉ። እኔ ዛሬ የማመሰግናቸው ግን በጓንት ነው።

ዴሊቨሪ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ጥር ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ አፑ አይራራም። ትእዛዝ ተቀበል፣ ደረስኩ በል፣ በር ላይ ፎቶ አንሳ። ለሁሉም ጓንት ማውለቅ ነው። «ለተች ስክሪን» ተብለው የሚሸጡትንም ገዝቼ አይቻለሁ፤ ጣታቸው ላይ የተቀባው ነገር ዊንተሩ ሳይጋመስ ይለቃል።

እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የስልኬን ዓይነት ነው። «ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ ገብተህ ዲስፕሌይ ውስጥ የንክኪውን ስሜት ከፍ አድርገው። ለስስ ጓንት ይበቃሃል፣ ገንዘብህን አታውጣ።» የኔ አይፎን ነው፣ እንደዚያ የሚባል ነገር የለውም።

ከዚያ ጓንቱን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ስልኩ የሚፈልገው መጫንህን ሳይሆን ገላህን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የድሮዎቹ በስቲክ የምንጫናቸው ስልኮች በግፊት ይሠሩ ነበር። የአሁኖቹ ስክሪኖች ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሲነካቸው ነው የሚያውቁት። ጣት ያስተላልፋል፣ ሱፍ አያስተላልፍም።

በብር የተለበጠ ክር አውጥተው የአውራ ጣትና የአመልካች ጣት ጫፍ ላይ ሰፉልኝ። ሙያው ያለው ክሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ ቆዳዬን እንዲነካ ማድረጉ ላይ ነው። ከላይ ብቻ ከተሰፋ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ከውጪ ደግሞ የአተር ፍሬ ያህል ቦታ ይሸፍኑታል፤ በጣም ካነሰ ስክሪኑ ከቁብ አይቆጥረውም።

ይበልጥ የወደድኳቸው ሁለተኛውን ጓንት ሲመልሱልኝ ነው። ውሃ የማያስገባ ዓይነት ነበር። «ይሄን በመርፌ ከወጋሁት ውሃ ያስገባብሃል፤ አልነካውም» አሉ። የመጣለትን ገንዘብ የሚመልስ ባለሙያ ስንት አለ?

እጥበቱ በእጅ ነው፣ በረኪናና ማለስለሻ እንዳይነካው። የጣት አሻራ ግን በጓንት አይከፍትም፣ ያው ቁጥር ማስገባት ነው።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ሰው ስለሚበዛባቸው በሳምንቱ መሀል ብትሄዱ ይሻላል። ጓንት አይሸጡም፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።