ገራም ወይስ የተገራ?

ሁለቱ ቃላት ለጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ። ልዩነታቸው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ከብት ያለበት ግቢ ውስጥ ነው።

ገራም ላም ማን እንደሚያልባት አትመርጥም። ጥጃዋ ትንሽ ጠብቶ ከጎኗ ይታሰራል። ልጅም ቢሆን ማለቢያውን ይዞ ሥሯ ቁጢጥ ይላል። አትራገጥም፤ እግሯን ማሰር አያስፈልግም። ማንም አላስተማራትም፣ ተፈጥሮዋ ነው።

የተገራ ግን ብዙ የተለፋበት ነው። ወይፈን መጀመሪያ ቀንበር ሲጫንበት ይዘላል፣ መሬት ላይ ይተኛል፣ ትልሙን ይስታል። ገበሬው እርሻ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል። ቀስ እያለ፣ አረማመዱን ከጓደኛው እያየ ይለምዳል። ጉልበቱ አልጠፋም፤ አቅጣጫ ያዘ እንጂ። ፈረስና ልጓምም እንዲሁ ናቸው።

ወደ ሰው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። “ልጅህ እንዴት ገራም ነው!” ሲሉኝ ምስጋና መሆኑ ይገባኛል። ግን ሁሌም ደስ አይለኝም። እሺ ባይ ልጅ ማንም የሚነዳው ልጅ ሊሆን ይችላል። “ገራገር” ሲሉትማ በቀላሉ ይታለላል ማለታቸው ነው።

“የተገራ”ን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ተገልብጦ ነው፦ ያልተገራ አንደበት፣ ያልተገራ ባሕርይ። ወቀሳ ነው፤ ግን እንደ “ስድ” በር አይዘጋም። ያልተገራ ነገ ሊገራ ይችላል። ለልጄ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል “የተገራ”ን እመርጣለሁ። መናደድ የሚችል፣ ንዴቱን ግን መያዝ የለመደ ልጅ ነው የምፈልገው።