ጉዲፈቻ ወይስ ጊዜያዊ አሳዳጊነት?

ልጅ ልታሳድጉ አስባችኋል? እንግዲያውስ መጀመሪያ ይህን መልሱ፦ ልጁ የሚመጣው ለዘለቄታው ነው ወይስ ቤተሰቡ እስኪያገግም ድረስ? እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 20 ሁለቱንም መንገዶች ይጠቅሳል። ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

ጉዲፈቻ የሚጸናው ብዙ ጊዜ በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ከዚያ ወዲያ በሕግ ፊት ልጁ የእናንተ ነው። ትምህርት ቤት የምታስመዘግቡት፣ ለቀዶ ሕክምና የምትፈርሙለት እናንተ ናችሁ።

በጊዜያዊ አሳዳጊነት ግን የወላጅነት መብቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ እናንተ አይዞርም። ታበላላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ ሌሊት ሲያለቅስ ታባብላላችሁ፤ ትልልቁን ነገር ግን ብቻችሁን አትወስኑም። እናቱ ልታየው ትመጣለች። እሷ ስትሄድ በሩ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ አቅፋችሁ ትገባላችሁ። ነገሮች ከተስተካከሉ ደግሞ አንድ ቀን ልብሱን አጣጥፋችሁ ትሸኙታላችሁ። ይሄ ከባድ ነው፤ ግን ዓላማው ይኸው ነው።

አጀማመራቸው ይመሳሰላል፦ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ፣ የቤት ጉብኝት። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ልጁ የሚተኛበትን ክፍል ታያለች፣ ስለ ትዳራችሁም ትጠይቃለች። አትደንግጡ፤ የሶፋችሁን ውበት ልትገመግም አልመጣችም።

በእኔ እምነት አንድ ስህተት መቅረት አለበት፦ «ምናልባት በዚያው ይቀርልን ይሆናል» ብሎ ጊዜያዊውን መምረጥ። ልጁ ወላጆቹን በናፈቀ ቁጥር እናንተ ከከፋችሁ፣ ናፍቆቱን መደበቅ ይለምዳል።